ሦስት ካርድ የነበራቸው እናት

ካርድ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የሕክምና ቦታ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ታካሚው መስኮቱ ጋ ይመጣል፣ ስሙን ይነግረኛል፣ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቼ ለተረኛዋ ነርስ እልካለሁ። ከበደን ማግኘት አያስቸግርም። በላይነሽም እንደዚያው። ጣጣው የሚመጣው ፀሐይ ስትመጣ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ እናት መስኮቱ ጋ ብቅ አሉ።

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ጠሐይ።»

የአባታቸውንም ነገሩኝ። «ፀሐይ» ብዬ ፈለግኩ፤ የለም። «ጸሐይ» ብዬ ፈለግኩ፤ የለም።

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?»

«ኧረ ስንቴ! ደም ግፊቴን የሚለኩኝ እዚሁ አይደል እንዴ?»

ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ማጉረምረም ጀምሯል። ምን ላድርግ? አዲስ ካርድ አወጣሁና አሳለፍኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሰው ቀለል ሲል ነገሩ ከነከነኝና መደርደሪያውን እየበረበርኩ ገባሁ። የሴትየዋ ካርድ ነበረ። ሁለት ነበረ። አንዱ «ጸሀይ» ተብሎ ሌሎች ጸሀዮች መሀል ተቀምጧል። ሌላው «ጠሃይ» ተብሎ ከጠ ጋር፣ ከጠጅቱ በታች ይገኛል። ሦስተኛውን ጠዋት እኔው ራሴ «ፀሐይ» ብዬ ጨምሬበታለሁ። የሴትየዋ ደም ግፊት ለሦስት ተከፍሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ሐኪሙ የዚያን ቀን መድኃኒት ያዘዘላቸው የፊቱን ሳያይ ነው።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ፣ ፀ ወይም ጠ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ሦስት በስድስት 18። አንዲት ሴት በ18 ካርድ ልትታከም ትችላለች። ይሄ «ጣይ» የሚሉትን ሳልጨምር ነው። ኋላ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ይቀለን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ባሰበት። ለኮምፒዩተር ጸ እና ፀ እንደ በ እና ለ የተለያዩ ናቸው። ሰው እንኳ «ይቺ ያችው ናት» ይላል። ማሽን አይልም።

የሚያሳፍረው ግን ሌላ ነው። ይህን ስህተት ከሰው ሁሉ እኔ መሥራት አልነበረብኝም። ምክንያቱም አያቴ እስከ ዛሬ የምትጠራኝ «ጥጌ» ብላ ነው።

ስሜ ጽጌ ነው። የተወለድኩት በጥቅምት፣ በጽጌ ጾም፣ አበባው ሜዳውን በሞላበት ሰሞን ነው። አገሬ ምሥራቅ ጎጃም፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ከደጀን ከፍ ያለ ገጠር ነው። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ እምዬ እላታለሁ። እምዬ ቤት ጸ የሚባል ድምፅ የለም። ጠዋት «ጣይ ወጣች» እንላለን። የሚያበጥሩት ጠጉር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄደን የምናደርሰው ጠሎት ነው። ጎረቤታችን አቶ ጠጋዬ ናቸው። ቄሱ ቅዳሴ ላይ «ጸሎት» ሲሉ እንሰማለን፤ እሱ የቄስ ነገር ነው፣ የግእዝ ነገር ነው። እኛ ቤት ስንገባ ጠሎት ነው።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ መጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት የአማርኛ መምህሩ ተነሺና አንብቢ አሉኝ። ምንባቡ ውስጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ፀሐይዋ» የሚል አለ። «ጠሐይዋ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ አሉ፣ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ስሜ «ጠሐይ» ሆነ።

ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ? ጠን እንደ ቅማል እየለቀምኩ ማጥፋት ጀመርኩ። ያገኘሁትን ጠ ሁሉ ጸ አደረግኩ። አንድ ቀን የአጎቴን ሚስት «ጸረጴዛው ላይ ላስቀምጠው?» አልኳት። ሌላ ቀን እንግዳ መጣና «ጸና ይስጥልኝ» ብዬ እጅ ነሣሁ። በጠ ተስቆብኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ በጸ ተሳቀብኝ። ጠረጴዛ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፣ ጤናም ግእዙ ጥዕና ነው፤ ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ በጠ ናቸው፤ ጸ አጠገባቸውም ደርሶ አያውቅ። ይህን ያኔ ማን ይንገረኝ?

የነገሩኝ ከ12 ዓመት በኋላ የካርድ ክፍሉ ዘበኛ ናቸው።

በሩ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ወጣትነታቸውን ጎጃም ቅኔ ቤት ነው የጨረሱት። ለምን ዘበኛ እንደሆኑ አንድም ቀን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሦስቱን ካርድ ወሬ ሳጫውታቸው ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙኝና፣

«ሴትየዋ አልተሳሳቱም» አሉኝ።

«እንዴት አባባ? ስማቸው ፀሐይ ነው እኮ።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋሁላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥፍር።»

«ግእዙ ጽፍር ነው። ለምን ጽፍር አትይም? የተቀመጥንበትስ?»

«ጥላ።»

«ጽላሎት ነው። ይሄ ከኋላሽ ያለው?»

«አጥር።»

«ሐፁር። ምሳ በልተሻል? ጠግበሻል? ጸግበ ነው ግእዙ። ቆዳሽን ቢገፉት የሚገኘው አጥንትስ? ዐፅም።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። ጥሩ የሚለው ቃል ጽሩይ ነው፣ የጠራ ማለት። መስከረም ሲጠባ የምንለው ጸብሐ ነው፣ ነጋ ማለት። አንዳንዱ ደግሞ ጠ ላይ ሳይቆም ጨ ላይ ደርሷል፤ ጽልመት ጨለማ ሆነ። አማርኛ ከጥንት የነበረውን ጸ አብዛኛውን ጠ አድርጎ ጨርሶ ነበር ማለት ነው። ጸሎት፣ ጸጋ፣ ጾም፣ ጽድቅ ከግእዝ ጋር፣ ከመጽሐፉና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር እንደገና ገቡ። ከተማውም ትምህርት ቤቱም ያንን የመጽሐፉን ጸ ያዘ። እነ እምዬ የቤታቸውን ጠ ይዘው ቀጠሉ።

«ታዲያ በጠሐይ የሳቁብሽ ልጆች» አሉ አባባ፣ «ጽፍራቸውን ይቆርጣሉ ወይስ ጥፍራቸውን?»

በዚህ መሀል ተረኛዋ ነርስ በአጠገባችን ስታልፍ ሰማችን። የአዲግራት ልጅ ናት። «እኛማ እስከ ዛሬ ጸጊበ ነው የምንለው» አለች። ጠግቤያለሁ ማለት ነው። ጥፍሩንም ጽፍሪ፣ ጠጉሩንም ጸጉሪ፣ አጥሩንም ሓጹር ብላ ቆጠረችልን። ትግርኛ ጸን እንደያዘ ነው። ጽ ስትል ደግሞ እንደ እኛ የከተማ ሰዎች አታለሳልሰውም፤ ከጥርሷ ኋላ እንደ ክብሪት ይጫራል። አዲስ አበባ ውስጥ ጸን ወደ ሰ የሚያስጠጋው ብዙ ነው፤ «ሰጉሬን ተሠራሁ» የምትል ልጅ ስትሰሙ በጠሐይ ከሚስቁት አንዷ እንደሆነች ቁጠሩ።

አባባ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፣ እሱን እስካሁን ሳስታውስ ያስቀኛል። የጨዋ አፍ ነው ተብሎ የሚነገረው «ጸባይ» ከሥሩ ጠባይ ነው። ግእዙ ጠባይዕ፣ ተፈጥሮ ማለት። እኔ በልጅነቴ ጸረጴዛ እንዳልኩት አንዱ ከተማ ለመምሰል ጸባይ አለ፤ አገር ተከተለው። እኔ ላይ ተሳቀ። እሱ መዝገበ ቃላት ገባ።

ስለ ፀ ያለው ነገር ግን ከአባባ ሳይሆን ከአክስቴ ነው የጀመረው። ፊደል ስንቆጥር «ጸሎቱ ጸ» እና «ፀሐዩ ፀ» እያልን ነው የተማርነው። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ሁለት መሆናቸው ለምንድን ነው? ልጅ ሆኜ የፊደል ገበታው ሠሪ ቦታ ተርፎት ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ ጅዳ 11 ዓመት ሠርታለች። ስሟ ፀሐይ ነው። (ፀሐይ የምትባል ሴት የሌለችበት የሐበሻ ቤት የት አለ?) ማዳሟ ጽን ማለት አትችልም። ዓረብኛ እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። የእነሱ ዘመድ የሆነው ድምፅ ወፍራም ሰ ነው፤ ምላስ ኋላ ወደ ጉሮሮ ሰብሰብ ብሎ፣ አፍ ሞልቶ የሚወጣ። ስለዚህ አክስቴ 11 ዓመት ሙሉ በወፍራም ሰ «ሰሐይ» ስትባል ኖረች። እሷ ግን ጆሮ አላት። ጠዋት ጠዋት «ሰባሕ አልኸይር» ሲሏት፣ ሰባሕ የሚለው የእኛው «ጠባ» መሆኑን ማንም ሳይነግራት ነው የደረሰችበት። ጾምን ሰውም ይላሉ። ጸሎትን ሰላት ይላሉ። እኛ አገር ሙስሊሙ «ሶላት» የሚለው፣ አፍ ክብ የሚያስደርገው «ሶ»፣ የዚያ ወፍራም ሰ ዱካ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመላትም። «ጸሎት ሰላት ከሆነ፣ ፀሐይ ደግሞ ሰሐይ መሆን ነበረበት፤ እነሱ ግን እንዲህ የሚባል ቃል የላቸውም» አለችኝ። የላቸውም፣ ምክንያቱም የእነሱ ቃል የሚጀምረው «ዳ» በሚመስል ድምፅ ነው። ረፋዱን፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ያለውን ሰዓት «ዱሓ» ይሉታል፤ ለሴት ልጅም ስም ያወጡታል። ይህ ዳ ተራ ዳ አይደለም፤ ወፍራም ነው፤ ዓረቦች ቋንቋቸውን «የዳድ ቋንቋ» እያሉ የሚኮሩበት ፊደል ነው። በግእዝም ፀ ከዚሁ ፊደል ጋር የሚገጥም፣ ከጸ የተለየ ድምፅ ነበር። በአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ጸ እና ፀ የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ኋላ ድምፁ ሲሞት ፊደሉ ቀረ። ለዚህ ነው እኔ መደርደሪያ ላይ ሁለት ረድፍ የነበረኝ፤ አንዱ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ነው።

ያ የሞተው ድምፅ ምን ይመስል ነበር? እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ማስረጃ አለ። በ8ኛው መቶ ዘመን ባስራ ውስጥ የነበረው ሲበወይህ የሚባል የዓረብኛ ሰዋስው ሊቅ ዳድ ከምላስ ጎን እንደሚወጣ ጽፏል። ከምላስ ጎን የሚወጣው እኛ የምናውቀው ድምፅ ለ ነው። ዓረቦች ስፔንን ሲገዙ ስፔኖች «አልቃዲ» የሚለውን የዳኛ መጠሪያ ከእነሱ ወሰዱ። ቃዲ የሚለውን እኛም እናውቀዋለን። ስፔኖች ግን «አልካልዴ» አሉት፤ ዛሬ ከንቲባ ማለት ነው። መሀል ላይ ያለችው ል ከየት መጣች? ስፔኖቹ የሰሙት ድምፅ ውስጥ ነበረች። በኦማንና በየመን የሚነገረው መህሪ እስከ ዛሬ ይህን በጎን የሚወጣ ድምፅ ይናገራል። ይህን ሳውቅ ለአክስቴ ደወልኩ። «እና የእኔ ስም በድሮ ጊዜ ለ ነበረው ነው የምትዪኝ?» አለች። እንደዚያ ብዬ አላልኩም። ግን ደስ ስላላት ተውኩት።

በ2005 መጨረሻ ዲቪ ደረሰኝና ቨርጂኒያ መጣሁ። ፓስፖርቴ ላይ ስሜ በቲ እና በኤስ ይጀምራል። ሆቴል ቁርስ ክፍል ነበር የተቀጠርኩት፤ የመጀመሪያው ቀን ባጅ ደረቴ ላይ ለጥፈው ላኩኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ሲጌ፣ ቲሲጌ፣ ሳይጅ፣ ታይግ ተብያለሁ። አንዱ ሽማግሌ ቡናውን እየተቀበለ ባጄን ብዙ ጊዜ አየና «ማር» አለኝ፤ እሱ በእንግሊዝኛ የቁልምጫ ነው፣ ተገላገለ።

ሰነፎች ሆነው አይደለም። እንግሊዝኛ ትና ስን አያይዞ ቃል አይጀምርም። ከጃፓን የተዋሱትን «ጹናሚ» እንኳ አብዛኛው «ሱናሚ» ነው የሚለው። የሚገርመው ግን ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጣ አያስቸግራቸውም። «ካትስ» ይላሉ፣ ድመቶች ማለት ነው፤ ጥርት አድርገው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ለአለቃዬ «ካትስ በዪ» አልኳት። አለች። «አሁን ካ የሚለውን በሆድሽ ያዢና ትስ ብቻ አውጪ።» ትስ አለች። «አሁን ኢጌ ጨምሪበት።» ትሲጌ! ወጥ ቤቱ አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሲጌ ተመለሰች።

እህቴ ፍራንክፈርት ናት፤ እዚያ ይህ ጣጣ የለም። ጀርመኖች ስኳርን «ጹከር»፣ አሥርን «ጼን» ብለው ስለሚጀምሩ የትና የስ ጋብቻ የቤታቸው ነው። ግን እንደ እኛ አይጨብጡትም፤ ለስላሳ ነው፣ አየር አለበት። ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሩ ላይ ጽዮን የሚል ስም ተጽፏል፤ እነሱ «ዛየን» ይሉታል። ጀርመን «ጺዮን»፣ ፈረንሳይ «ሲዮን»፣ ዓረብ በወፍራሙ ሰ፣ እኛ ጽዮን። እምዬ ደግሞ ጥዮን። ያቺው ተራራ ናት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተማሪ የጠራችኝ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ባጄን አየች፣ «እንዴት ነው የሚባለው?» አለችኝ፤ አንድ ጊዜ አልኩላት። «ጽጌ» አለች። ትሲጌ አይደለም። ጽጌ፣ እንደ አዲግራቷ ነርስ፣ ክብሪቱ ሲጫር ተሰማኝ። ደነገጥኩ። ሐበሻ ናት እንዴ ብዬ ፊቷን አየሁ። ጆርጂያዊት ናት፤ የአትላንታዋ ጆርጂያ ሳትሆን የካውካሰስ ተራሮቹ፣ የትብሊሲዋ። በእነሱ ቋንቋ መጽሐፍ «ጺግኒ» ነው። ውሃ ደግሞ «ጽቃሊ»። ጽና ቃ ተከታትለው! አንድ አሜሪካዊ ይህን ቃል ቢሞክር ምላሱ ይቆለፋል። እኔ ባንድ ጊዜ አልኩት። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓታችን ያለቀው ቃል በመወራወር ነው። እኔ «ጭቅጭቅ» አልኳት፤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ ግን አንድም ፊደል አላጎደለችም። ግእዝና ጆርጂያኛ ዝምድና የላቸውም። የሚገናኙት ጉሮሮ ላይ ነው።

የጉሮሮው ነገር እንዲህ ነው። አብዛኛው የዓለም ድምፅ የሚወጣው ከሳንባ በሚመጣ አየር ነው። ጥ፣ ጭ፣ ቅ፣ ጵ እና ጽ ግን የሳንባ አየር አይፈልጉም። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ምላስም ፊት ለፊት ይዘጋል፣ ማንቁርት ወደ ላይ ብድግ ይልና መሀል ላይ የታሰረውን ትንሽ አየር ይጨምቀዋል። ከዚያ ምላስ ሲለቅ ያ አየር ይፈነዳል። አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ትንፋሻችሁን ያዙ፤ እንደ ያዛችሁ ጥ በሉ። ጽ በሉ። ይወጣል። አሁን ትንፋሻችሁን ሳትለቁ ት እና ስ በሉ። እምቢ ይላል። (አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ኃላፊነቱን አልወስድም።) እዚህ አሜሪካ ውስጥ ናቫሆ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ደቡብ አሜሪካ ተራራ ላይ ደግሞ አንዳንድ የኬችዋ ቋንቋ ተናጋሪዎች ይህንኑ ያደርጋሉ። አገራችን ውስጥ ኦሮምኛም ሞልቶታል፤ ቁቤ ላይ ኤክስ የምትመስለዋ ፊደል እኮ ጥ ናት፤ ጤፍን «ጣፊ» ሲሉ በኤክስ ነው የሚጽፉት። ይህን ያላወቀ የውጭ ሰው «ዛፊ» ሲለው ሰምቼ አውቃለሁ።

ጥ እና ጽ እንግዲህ ጎረቤት ናቸው። ጉሮሮው አንድ ነው፣ የምላሱም ቦታ ያው ነው። ልዩነቱ ምላስ አንዴ ቶሎ ይለቃል፣ አንዴ ደግሞ ሲለቅ ትንሽ እያፏጨ ነው። ያቺን ማፏጨት ጣሏት፣ ጠሐይ ናት። የእምዬ አገር ሰው ያደረገው ይሄን ነው። ሌላ ያጠፋው ነገር የለም።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የሐበሻ ወላጅ ሁሉ የሚያለቅስበት ነገር ነው፣ አልደግመውም። ባለፈው ክረምት ግድግዳ ላይ ሥዕል ለጥፌ ማስተማር ጀመርኩ። ዛፍ፣ ቤት፣ ፀሐይ። ዛፍና ቤት አላስቸገሯትም። ፀሐይ ላይ ስንደርስ የጓደኞቿን አፍ ይዛ «ሰሐይ» አለች። «አይ፣ ፀሐይ» አልኳት። «ሰሐይ።» ካትስን ሞከርኩላት፤ ድመት አምጪልኝ ብላ አለቀሰች። ትንፋሽ መያዙን አስተማርኳት፤ እሱን ወደደችው፤ ጉንጮቿን ነፍታ ዓይኗን አፍጥጣ «ጥ!» አለች። «ጥ! ጥ! ጥ!» ቤቱን ስትዞር ዋለች። ማታ ሥዕሉ ጋ ሄዳ ጣቷን ቀስራ፣ «ጠሐይ!»

ላርማት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት።

እሑድ ለእምዬ ደወልን። አሁን ደጀን ከተማ አጎቴ ልጅ ዘንድ ናት፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ጆሮዋ ሥር ያስጠጉላታል።

«ጥጌ፣ አለሽ?»

«አለሁ እምዬ። ይኸው ልጅቷ አማርኛ ተምራለች። በይ ንገሪያት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሿን ሰብስባ ጮኸች፦ «ጠሐይ!»

እዚያ ማዶ ትንሽ ዝም አለ። የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«እሰይ» አለች እምዬ። «እንዴት ነው እዛ አገር፣ ጣይቱ ትበረታለች?»